ሰፊ ስክሪን ያለውን ስልክ በማስመሪያ መምረጥ

ስልክም ትንሽ ታብሌትም ሆኖ የሚያገለግል አንድ ዕቃ ለመግዛት ጎንደር ፒያሳ ወዳሉት ሱቆች ጎራ የሚል ሰው ከሻጩ አስቀድሞ የሚሰማው የኢንቹን ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ግን ስክሪኑ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ሲለካ ያለውን ርዝመት እንጂ ስፋቱን አይናገርም። ስለዚህ ከገንዘብዎ ጋር አንድ የተማሪ ማስመሪያ ይያዙ።

ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ባለ 5.3 ኢንቹን ጋላክሲ ኖት ከነብዕሩ ሲያወጣ፣ ለጆሮ የማይመች ግዙፍ ነው ተብሎ ተተችቶ ነበር፤ በ2014 ግን አፕልም ባለ 5.5 ኢንቹን አይፎን 6 ፕላስ ይዞ መጣ። የዚያን ጊዜ የብዙዎቹ ስክሪኖች ቁመት ከስፋታቸው ጋር 16 ለ 9 ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ወደ 20 ለ 9 ረዝመዋል። በዚህ ምክንያት የቀድሞው 5.5 ኢንችና የአሁኑ 6.5 ኢንች ስፋታቸው ሲለካ ሁለቱም ወደ 6.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ተጨመረ የተባለው አንድ ኢንች የገባው ቁመቱ ላይ ነው፤ እርሱም ከ12 ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ደርሷል።

ይህ ልዩነት ይበልጥ የሚሰማው ለንባብ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማር ተማሪ በቴሌግራም የሚደርሰው ሃንድአውት አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 21 ሴንቲ ሜትር በሆነ ኤ4 ገጽ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ስለሆነ፣ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ገጹ ወደ አንድ ሦስተኛ ይኮማተርና በ12 የተጻፈው ፊደል ከ4 ያነሰ ይሆናል፤ በዚህ መጠን «ጩ»ን ከ«ጪ» መለየት ዓይንን ማድከም ነው። ስልኩን ሲያጋድሙት ፊደሉ ከ8 በላይ ያድጋል፤ ነገር ግን ከገጹ የሚታየው አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሱቁ ውስጥ፣ በፎቶ ኮፒ ደብዝዞ የተነሳ አንድ እውነተኛ ሃንድአውት በሚገዙት ስልክ ላይ ያስከፍቱ፣ ስክሪኑ ሲጋደም እንዲዞር ያድርጉና አንድ ሙሉ ገጽ ሳይቸኩሉ ያንብቡ። ንባብዎ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ስልኩ ይበቃዎታል። ሰንጠረዥና ሥዕል የበዛበት ከሆነ ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ሲም የሚቀበል ባለ 8 ኢንች ታብሌት ይሻላል፤ በተለይም አራት ማዕዘኑ ወርዱ ሰፋ ያለው ዓይነት።

ቀጥሎ የሚፈተነው እጅዎ ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ተጨናንቀው ሲጓዙ አንዱ እጅዎ ቦርሳ ስለሚይዝ፣ በሌላው እጅ አውራ ጣት የስክሪኑን የላይኛውን ጥግ መንካት መቻልዎን እዚያው ይሞክሩ። ካልደረሱ ሴቲንግ ውስጥ «ዋን ሃንድድ ሞድ» የሚለውን ቢያበሩ ምስሉ ወደ ታች ይወርድልዎታል። ለጥምቀት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያለውን ሕዝብ ለማንሳት የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ፣ በብዙ ስልኮች ላይ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ፎቶ እንደሚያነሳ ይወቁ፤ ስክሪኑን ለመንካት ጣት ሲዘረጋ ሰፊ ስልክ ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል። ብርሃኑንም ከሱቁ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይዩት።

ያገለገለ ስልክ ከሆነ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል (*#06#) ይደውሉና የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ታጣፊ ስልክ ከሆነ ደግሞ የውስጠኛው ስክሪን ላይ ያለውን ስስ ላስቲክ መከላከያ መስሎዎት እንዳይልጡት፤ የስክሪኑ አካል ነው።

ከገዙ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ የፊደል መጠንና የማሳያ መጠን ለየብቻ እንደሚስተካከሉ ያስተውሉ። የማሳያውን መጠን ዝቅ፣ ፊደሉን ከፍ ቢያደርጉ በስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር ይገባል፣ ንባቡም አይጎዳም፤ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ከላይ ሃንድአውቱን፣ ከታች ማስታወሻዎን ሲከፍቱ ጥቅሙ ይታይዎታል። ከቨር በየጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር ግን፣ የእጅዎንም የኪስዎንም ልክ የሚፈትኑት ከቨሩን ካለበሱት በኋላ ይሁን።