ገና ለመታ ሰው ሊንክስ ጎልፍ እንግዳ አይደለም

ያደግሁት ደምቢያ ከብት ስጠብቅ ነው። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ ቆርጠን፣ ሩሯን መሬት ለመሬት ስናከንፋት እንውል ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ። ኋላ ጎንደር ገብቼ የስፖርት መምህር ሆንኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ሥራ ነው። የጎልፍ ዱላ ከጨበጥኩ ግን ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ስኮትላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ጠራኝና ሄድኩ። አንድ እሑድ ሴንት አንድሩስ ወሰደኝ። ኦልድ ኮርስ የሚባለው ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳ እሑድ እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው፤ ሕዝቡ ይንሸራሸርበታል። እናቶች የሕፃን ጋሪ ይገፋሉ፣ ውሾች ይሯሯጣሉ። ዛፍ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሣሩ በጎች አሁን ግጠውት የሄዱ ይመስላል። መሬቱ እዚህ ጋ እብጥ፣ እዚያ ጋ ስርጉድ ይላል። «አጎቴ፣ እንዴት አየኸው?» አለኝ። «ይሄማ የኛ መስክ ነው፤ ባሕር ብቻ ተጨመረበት» አልኩት።

ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። የሰፈሬ ልጆች ጎልፍ ሲባል የሀብታም ጨዋታ ነው ብለው ይተዉታል። ሊንክስ የሚባለው የባሕር ጠረፍ ጎልፍ ግን ከግጦሽ መሬት የተወለደ ጨዋታ ነው። መሬት ማንበብ የሚያውቅ እረኛ ግማሹን ተምሮ ጨርሷል። ቀሪውን እንዴት እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ።

ሊንክስ ማለት በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለ አሸዋማ መሬት ነው። እህል አያበቅልም፤ ስለዚህ ለበግና ለጥንቸል ተተወ። ውኃ ቶሎ ስለሚሰርግ ሣሩ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። ሰውም ዱላ ይዞ ገባበት። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍን አገደ፤ ሰዉ የቀስት ልምምዱን እየተወ አስቸገራቸው። በ1491 እገዳው በጄምስ 4ኛ ዘመን ተደገመ። ይኸው ንጉሥ ግን በ1502 ፐርዝ ከተማ ካለ ቀስት ሠሪ ለራሱ የጎልፍ ዱላ ገዛ። እኔን ይበልጥ የነካኝ የ1552ቱ ነገር ነው። የሴንት አንድሩስ ሊቀ ጳጳስ በጽሑፍ ባጸደቀው ሰነድ ሕዝቡ በዚያ መሬት ከብት የማሰማራትም ጎልፍ የመጫወትም መብት እንዳለው ታወቀ። የወል መሬት ነበር ማለት ነው፤ እንደኛው።

የመጀመሪያዎቹ 13 ደንቦች የተጻፉት በ1744 ኤድንብራ አጠገብ ሊዝ ላይ ነው። ኳሷን በትንሽ ምት የምናስገባባቸው ጉድጓዶች 18 ናቸው የሚለው ቁጥርም ከሰማይ አልወረደም። ኦልድ ኮርስ በአንድ ዙር 22 ይጫወት ነበር፤ በ1764 ወደ 18 ዝቅ አለ፤ ኋላ ዓለም ተከተለው። ኦፕን የሚባለው ታላቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1860 ፕሬስትዊክ ላይ ሲደረግ ተወዳዳሪዎቹ ስምንት ብቻ ነበሩ። ባለ 12 ጉድጓዱን ሜዳ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ ዊሊ ፓርክ በ174 ምት አሸነፈ።

ዱላና ኳስ

ደንቡ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል። እናንተ በአራት ጀምሩ፦ አምስት ቁጥር ብረት፣ ሰባት ቁጥር ብረት፣ የአሸዋ ዌጅ (ኳስ ከአሸዋ የሚያወጣው) እና ፓተር (ጉድጓዱ አጠገብ ኳስ የሚገፋው)። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኳሷ ዝቅ ብላ ርቃ ትሄዳለች። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ያገለገለ ዱላ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ቤቱ አስቀምጦት አቧራ ይጠጣል። እስኪመጣ ድረስ በገና ዱላችሁ ተለማመዱ። ዱላውን አንቆ አለመያዝ፣ ዓይንን ከኳሷ አለማንሣት፣ ወገብን ማዞር፦ ሁሉም አንድ ነው።

ኳስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የተቀቀለ ላባ በሰፉት ቆዳ ውስጥ እየጠቀጠቁ ነበር የሚሠሯት፤ ለአንዷ ኳስ ኮፍያ ሙሉ ላባ ይገባል። ውድ ነበረች፤ ዝናብ ሲመታት ትበላሻለች። በ1848 አካባቢ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራች ርካሽ ኳስ መጣች፤ ያን ጊዜ ነው ድሃውም ወደ ሜዳ የገባው። የላስቲክ ክር የተጠመጠመባት ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ተከተለች። የዛሬዋ ክብደቷ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፣ ስፋቷ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም። ትንሽ ናት፤ ሰው ከመታች ግን ዓይን ታጠፋለች። ፊት ለፊታችሁ እረኛ ወይም ከብት ካለ አትምቱ። ጠብቁ።

ሜዳ መምረጥ

እኛ የምንጫወተው ከአዘዞ ወጣ ብሎ ካለ መስክ ላይ ነው። መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቀድን። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ጊዜውን ምረጡ። ክረምት ላይ ጭቃው ኳስ ይውጣል፤ በጋው ሲጠና መሬቱ ይሰነጠቅና ኳሷ ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች። ጥሩው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ሣሩ ተግጦ አጥሯል፣ መሬቱ ጠንክሯል፣ ኳስ ያንከባልላል። ሊንክስ የሚፈልገው ይህንን ነው።

የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ የሚቀራረብ ጣሳ በማስመሪያ ለክታችሁ ቅበሩ። ዙሪያውን አጭር ሣር ያለበት ለጥ ያለ ቦታ ምረጡ፤ ግሪን የሚባለው ያ ነው። ለመጀመሪያ ሦስት ጉድጓድ ይበቃል። አንዱን ነፋስ ፊት ለፊት፣ አንዱን ነፋስ ከኋላ፣ አንዱን አግድም አድርጉ።

ነፋሱና መሬቱ

ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ሰው ሁሉ ጠንክሮ መምታት ያምረዋል። ስሕተት ነው። ጠንክራችሁ ስትመቱ ኳሷ ወደ ኋላ ትሽከረከራለች፤ ሽክርክሪቱ ወደ ላይ ያነሣታል፤ ነፋሱም ተቀብሎ ይመልሳታል። ይልቅ ሰባት ቁጥር የሚበቃ ቢመስላችሁም አምስት ቁጥር ያዙ። እጃችሁን ዱላው ላይ ወደ ታች አውርዱ። ኳሷን ወደ ቀኝ እግራችሁ አስጠጉ። ዱላውን እስከ ትከሻችሁ ብቻ አንሥታችሁ ረጋ ብላችሁ ምቱ። ኳሷ ከሰው ቁመት ብዙም ሳትበልጥ ትበራለች።

ወደ ግሪኑ ስትቃረቡ ደግሞ ገናን አስታውሱ። ኳሷን ወደ ሰማይ አትስቀሉ። በሰባት ቁጥር፣ ፓተር እንደምትመቱ አድርጋችሁ ገፋ አድርጓት፤ ጥቂት ዘልላ መሬት ትይዝና ትንከባለላለች። ከመምታታችሁ በፊት ግን በእግራችሁ ሂዱና መሬቱን እዩ። ውኃ ቢፈስስ ወዴት ይፈስሳል ብላችሁ ጠይቁ፤ ኳሷም ወደዚያው ናት።

ሌላም ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኳስ ይርቃል። እኔ እዚያ ስኮትላንድ ባሕሩ አጠገብ ስመታ ኳሷ አጥራብኝ ክንዴ የደከመ መስሎኝ ነበር። አየሩ ነው።

አሸዋ፣ እሾህና ጅረት

ባንከር የሚሉት የአሸዋ ጉድጓድ በጎች ነፋስ ሲሸሹ መሬቱን ጭረው የፈጠሩት ነው ይባላል። ኦልድ ኮርስ ላይ 112 አሉ። በ17ኛው ጉድጓድ አጠገብ ያለውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ግድግዳው ሣር ከነአፈሩ እየተቆረጠ እንደ ድንጋይ ካብ ተደራርቦ የተሠራ ነው። የካቡን ንብብር በጣቴ ቆጠርኩት። ትንሽ ጉድጓድ ናት፤ ግን መሬቱ ከሁሉም አቅጣጫ ኳስ ወደሷ ይነዳል።

በማግሥቱ ሌላ ትንሽ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ውስጥ ገባሁ። አምስት ጊዜ መታሁ፤ አምስቱንም ግድግዳው መለሰብኝ። ኳሷን ራሷን ለመምታት ስለሞከርኩ ነው። የሚመታው አሸዋው ነው። እግራችሁን አሸዋው ውስጥ ትንሽ ቅበሩ። የዌጁን ፊት ወደ ሰማይ ክፈቱ። ከኳሷ ኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ አሸዋውን ምቱና እጃችሁን ሳታቆሙ ጨርሱ። አሸዋው ራሱ ኳሷን ተሸክሞ ያወጣታል። ከመምታታችሁ በፊት ግን አሸዋውን በዱላ መነካካት ቅጣት አለው። ግድግዳው ከፍ ካለባችሁ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አውጡ፤ ነውር የለውም።

ልምምዱን ለግንባታ የተደፋ አሸዋ ላይ እንሠራለን፤ ዘበኛውን ጠይቀን። ኳስ የለም። ልጁ በጣቱ መስመር ያሰምራል፤ መስመሩን ብቻ ይመታል። አሸዋው ከመስመሩ ወደፊት ከተዛቀ ትክክል ነው፤ ከኋላ ከተዛቀ ይደግማል። አንዷ የሰፈራችን ልጅ በሁለት ሳምንት ከኔ በለጠች።

ስኮትላንድ ላይ ጎርስ የሚባል ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ። እኛ ቀጋ አለን። ውስጡ ከገባች አትታገሉ። አንድ ምት ተቀጥታችሁ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትጠጉ በሁለት ዱላ ርቀት ውስጥ ጣሏት። የጠፋች ኳስ የሚፈለገው ለሦስት ደቂቃ ነው፤ ካልተገኘች ከመታችሁበት ተመልሳችሁ አንድ ምት እየተቆጠረባችሁ ትደግማላችሁ። ጅረትም እንዲሁ ሰው ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ስኮትላንድ ካርኑስቲ ላይ በተደረገው ኦፕን ዣን ቫን ደ ቬልደ በሦስት ምት እየመራ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደረሰ። ባሪ በርን የሚባለው ጅረት ኳሱን ወሰደበት፤ ሰባት ምት አወጣ፤ ከሌሎች ጋር እኩል ሆነና በመለያው ዙር ዋንጫውን ፖል ሎሪ ወሰደ። ውኃ ፊታችሁ ካለና እየመራችሁ ከሆነ ቅርብ አድርጋችሁ ምቱ፤ ቀጥሎ ተሻገሩ።

ስትጨርሱ የነቀላችሁትን ሣር መልሳችሁ በእግራችሁ ርገጡት። ጣሳውን አውጡና ጉድጓዱን በአፈር ድፈኑ፤ ወይ በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑ። ማታ ከብቱ በዚያው ነው የሚያልፈው። የጥጃ እግር ይገባበታል።