ዘይትና ውሃ ሲለያዩ በላፕቶፕ ማየት፦ የዲፒዲ ሲሙሌሽን አሠራር

ዘይትና ውሃ ሲለያዩ አቶም በአቶም መከታተል ለላፕቶፕ በጣም ከባድ ነው። ዲፒዲ (የፈሳሽን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የማስመሰያ ዘዴ) ጥቂት ሞለኪውሎችን በአንድ ለስላሳ ቅንጣት ይወክላል። ዘዴውን በ1992 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሆገርብሩገና ኩልማን አቀረቡት፤ ዛሬ ብዙው ሰው የሚነሳባቸውን ቁጥሮች ደግሞ ግሩትና ዋረን በ1997 አስቀመጡ። ባለ4 ኮር ላፕቶፕና በነጻ የሚገኘው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ላምፕስ ይበቃሉ።

መጀመሪያ አንድ ዓይነት ፈሳሽ ብቻ አሂዱ። ሳጥኑ 16 በ16 በ32፣ እፍግታው (በአንድ የይዘት አሃድ ያሉት ቅንጣቶች) 3፣ ስለዚህ 24,576 ቅንጣቶች። በሲሙሌሽኑ የራሱ አሃዶች ክብደት 1፣ ቴምፕሬቸር 1፣ የኃይሉ ወሰን (ቅንጣቶች የሚገፋፉበት ከፍተኛ ርቀት) 1፣ መገፋፊያው 25፣ ሰበቃው 4.5፣ የጊዜ እርምጃው 0.02 ይሁን። ቅንጣቶቹን በዘፈቀደ በትኗቸው፤ ግፊያው ለስላሳ ስለሆነ ቢደራረቡም ሲሙሌሽኑ አይበተንም። ላምፕስ የጎረቤት ኮሮች ቅንጣቶች ፍጥነት እንዲተላለፍ ካልታዘዘ ግን ገና ከመነሻው ይቆማል፤ ሰበቃው የሚሰላው ከፍጥነት ልዩነት ነውና።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ኤንቪኢን (ቅንጣቶቹን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውን ትእዛዝ) ትቶ ኤንቪቲ ወይም ላንጀቨን የተባሉ የሙቀት መቆጣጠሪያዎችን ይጨምራል። በዲፒዲ ግን ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) አስቀድሞ በቅንጣት ጥንዶቹ ሰበቃና በዘፈቀደ ኃይሉ ውስጥ አለ። ላንጀቨን ሲደረብ አጠቃላዩ ሞመንተም (ክብደት ሲባዛ በፍጥነት) አይጠበቅም፣ የፈሳሹ ፍሰትም ይበላሻል። ውጤቱ ስክሪን ላይ ያማረ ስለሚመስል ስህተቱ በዓይን አይያዝም።

ስለዚህ በቁጥር አረጋግጡ። ቴምፕሬቸሩ ከ1 በ1 በመቶ በላይ ከራቀ እርምጃውን በግማሽ ቀንሱ። ግፊቱ 23.7 አካባቢ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከራቀ እፍግታውን ወይም የኃይሉን ወሰን መርምሩ።

ይህ ከተስተካከለ ግማሾቹን ቅንጣቶች ዘይት አድርጉና በዘይትና በውሃ መካከል ያለውን መገፋፊያ ብቻ 40 አድርጉት። ከ25 ያለው ጭማሪ ለ3.5 ሲካፈል የፍሎሪ ሃጊንስን ቁጥር (ሁለቱ ፈሳሾች ምን ያህል እንደማይዋሃዱ የሚለካውን) ይሰጣል፤ እዚህ 4.3 ገደማ ነው። ቁጥሩ ከ2 በታች ከሆነ፣ ማለትም መገፋፊያው ከ32 ካነሰ፣ የቱንም ያህል ብትጠብቁ አይለያዩም። ሳጥኑን ያስረዘምነው የሚለየው ገጽ ስፋቱን ለመቀነስ በአጭሩ ጎን እንዲቆም ነው።

አዳማ ላይ በቀትር ሙቀት ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፤ ረጅሙን ሥራ ሌሊት አሂዱ። መብራት ስለሚጠፋም በየ10,000 እርምጃው፣ በሁለት ፋይል እያፈራረቃችሁ፣ መቀጠያ (ሥራው ካቆመበት የሚቀጥልበትን ፋይል) አስቀምጡ፤ በመጻፍ ላይ እያለ ቢቋረጥ ሌላው ፋይል ይተርፋል።

ንብርብሩ ሲረጋ የገጽ ውጥረቱን ለኩ፦ በረጅሙ አቅጣጫ ካለው ግፊት የሁለቱን አጭር አቅጣጫዎች አማካይ ቀንሱ፣ በ32 አባዙና ለ2 አካፍሉ። ለ2 የሚካፈለው ሳጥኑ ተደጋጋሚ (በአንድ ጎን የወጣ ቅንጣት በተቃራኒው ጎን የሚገባበት) በመሆኑ ገጾቹ ሁለት ስለሆኑ ነው።