ስታርትአፓችሁን በኦንላይን ግሩፖች ሰው ሳታሰለቹ እንዴት ታስተዋውቃላችሁ?

ጅማ ውስጥ አዲስ ነገር የሠራ ወጣት ቶሎ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ያገኘውን የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ ይቀላቀላል። ሎጎውን፣ ሊንኩንና «አሁኑኑ ይመዝገቡ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋል። ብዙም ሳይቆይ አድሚኑ ያስወጣዋል። ሥራው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንም ሳያየው ቀረ። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው አዲስ አበባ ሳይሄዱ እዚሁ የሚሞክሩ ልጆች ከዚህ የተሻለ ይገባቸዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። ለቡና አቅራቢዎች ሂሳብ የሚይዝ የቴሌግራም ቦት (ቴሌግራም ውስጥ ሲጽፉለት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ሠራችሁ እንበል። አቅራቢው ከአርሶ አደሩ የተረከበውን እሸት ቡና ኪሎና የከፈለውን ብር ያስገባል፤ ቦቱ ቀሪውን ያሰላል። እስከ ዛሬ ይሄ ሁሉ በደብተር ነበር። አሁን ይህን ለሰው እንዴት ታደርሳላችሁ?

1. ሁለት ሦስት ግሩፕ ብቻ ምረጡ

ቻናልና ግሩፕ ይለያያሉ። ቻናል ላይ ባለቤቱ ይለጥፋል፣ ሌላው ያነባል። ግሩፕ ላይ ሁሉም ያወራል፤ ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል። የአባላቱ ብዛት ግን አያታላችሁ። ወደ ላይ ውጡና የአንድ ሳምንት መልእክት አንብቡ። ሰው ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ አለ? ወይስ ከላይ እስከ ታች ማስታወቂያ ነው? ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ እዚያ ያለው ሁሉ ሻጭ ነው።

የባች ጓደኞቻችሁ ግሩፕ ውስጥ ብትለጥፉት ላይክ አይጠፋም። ግን እነሱ ቡና አይረከቡም። የምትፈልጉት የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የጌራ አቅራቢ የሚያወራበትን ግሩፕ ነው።

2. ከመጻፋችሁ በፊት ፈልጉ

ፒን የተደረገውን መልእክት አንብቡ። ሕጉ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ማስታወቂያ ጨርሶ የማይፈቀድበት አለ፤ በተወሰነ ቀን ብቻ የሚፈቀድበትም አለ።

ከዚያ የግሩፑን መፈለጊያ ክፈቱና ችግሩ ከዚህ በፊት ተነሥቶ እንደሆነ እዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የጅማ ሰው በአንድ ግሩፕ ውስጥ በሦስት ዓይነት ይጽፋል፦ አማርኛ በፊደል፣ አማርኛ በላቲን፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ። አንዱን ብቻ ብትፈልጉ ግማሹ ወሬ ያመልጣችኋል። በፊደልም ቢሆን «ሂሳብ» ያለውና «ሒሳብ» ያለው ለየብቻ ነው የሚወጣው። ሁሉንም ሞክሩ።

ስታነቡ ሰዎቹ የሚጠቀሙበትን ቃል መዝግቡ። አቅራቢው «የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር» አይልም። «የትናንቱ ኪሎ ከደብተሩ አልገጥም አለኝ» ነው የሚለው። በኋላ ስለ ሥራችሁ ስትጽፉ በዚሁ ቋንቋ ጻፉ።

3. ፊታችሁን አሳዩ

በሎጎ አትግቡ። ስማችሁና ፎቷችሁ ይኑር። ባዮው ላይ በአንድ መስመር ምን እንደምትሠሩ ጻፉ፦ «ጅማ ነኝ፤ ለቡና አቅራቢዎች የሂሳብ ቦት እሠራለሁ» ይበቃል። ማንነታችሁን የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል፤ እናንተም በየመልእክቱ መድገም አይጠበቅባችሁም።

4. መጀመሪያ ጥቀሙ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። የሰው ለቅሶ ሳይደርስ በራሱ ቀን ዕድርተኛው ሁሉ እንዲመጣለት የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ግሩፕም እንደዚያው ነው። ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት የራሳችሁን ሥራ ሳታነሡ የሰውን ጥያቄ መልሱ።

መልሱ ደግሞ የእውነት መልስ ይሁን። ለምሳሌ አንድ አቅራቢ እንዲህ ብሎ ጠየቀ እንበል፦ «ገዢዬ የአርሶ አደሮቹን ማሳ ጂፒኤስ አምጣ አለኝ። ምንድን ነው የሚፈልገው?»

ጥያቄው የመጣው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ካወጣው ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተጨፈጨፈበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢገፋም ገዢዎች ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ የሚያሳይ መረጃ መጠየቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። ጥሩ መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጋሼ፣ ማሳው ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ከሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያውን በሙሉ መለካት ያስፈልጋል። የጂፒኤሱ ቁጥር ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ 6 አሃዝ መሆኑን ይዩ። ‹7.67› ብቻ ተብሎ ከተቆረጠ ቦታው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። ማሳው ውስጥ ቆመው ነው የሚይዙት፤ ቤት ሆነው አይሆንም።»

ስለ ቦቱ አንድ ቃል የለም። ሊንክም የለም። ይሄን ያነበበ ሌላ አቅራቢ ግን ስማችሁን ይይዛል። ፕሮፋይላችሁን ከፍቶ ባዮውን የሚያነበውም ያኔ ነው።

አጠራርም ዋጋ አለው። ታላቁን ሰው «ብሮ» አትበሉት። ጋሼ፣ እትዬ በሉ፤ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ኦቦ፣ አዴ። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ ከመጣ በአፋን ኦሮሞ መልሱ። የማትችሉ ከሆነ የሚችል ሰው ከቡድናችሁ ይመልስ። ጅማ ላይ ለሚሠራ ስታርትአፕ ይሄ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

5. «እኔ ነኝ የሠራሁት» በሉ

አንድ ሰው የእናንተ ቦት በቀጥታ የሚፈታውን ችግር ካነሣ ስለ ሥራችሁ መናገር ትችላላችሁ። ግን የማን እንደሆነ በመጀመሪያው መስመር ተናገሩ። «አንድ አሪፍ ቦት አለ፣ ሞክሩት» ብሎ እንደ ሦስተኛ ወገን መምጣት ማታለል ነው። በሁለተኛ አካውንት ጠይቆ በመጀመሪያው መመለስማ ከዚህ የባሰ ነው። ጓደኛን «ተጠቅሜው ሕይወቴን ቀየረው» ብሎ እንዲጽፍ ማድረግም አይሆንም። ሀገሪቱ የማስታወቂያ አዋጅም አላት፤ ቁጥር 759/2004። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ ደግሞ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። ግሩፑ ውስጥ የዋሻችሁትን ሰው ነገ ሄርማታ መርካቶ ላይ ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ።

የሌላው ከተሻለ ደግሞ እሱን ምከሩ። የጠየቀው ሰው ለሦስት ሠራተኛ ደመወዝ ማስላት ብቻ ከፈለገ ኤክሴል ይበቃዋል። ይበቃሃል በሉት።

6. አስፈቅዱና ለጥፉ

ሙሉ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ለአድሚኑ በውስጥ ጻፉ። የምትለጥፉትን ጽሑፍ አብራችሁ ላኩለት። «አይሆንም» ካለ አመስግኑትና ተዉት። ከፈቀደ እንዲህ ያለ ነገር ይሁን፦

«ሰላም ለሁላችሁ። አድሚኑን አስፈቅጄ ነው። እሸት ቡና ለምትረከቡ የሂሳብ ቦት ሠርቻለሁ። ኪሎና ዋጋ ስታስገቡ የእያንዳንዱን አርሶ አደር ቀሪ ሂሳብ ያወጣል። ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም። እስከ ጥር መጨረሻ በነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ ይኖረዋል። ደብተር ላይ የሚያስቸግራችሁን ነገር ብትነግሩኝ ለእኔ ትልቅ እገዛ ነው።»

የማይሠራውን መናገሩን እዩ። ክፍያ እንደሚመጣም አልደበቀም፤ የወሩን ዋጋ ከወሰናችሁ ደግሞ ቁጥሩን ጻፉት። «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው»፣ «አብዮታዊ» የሚባሉት ቃላት የሉም። አንድ ስክሪንሾት ይበቃል፤ ከባድ ቪዲዮ የሰው ዳታ ይበላል። ማንበብ ለሚከብደው አጭር የድምፅ መልእክት በአፋን ኦሮሞ ጨምሩ።

ሰዓቱንም ምረጡ። ለታጠበ ቡና የሚሆን እሸት በተለቀመበት ቀን ነው የሚፈለፈለው። በመኸር ወቅት ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ አቅራቢው ሚዛኑ ጋ ነው፤ ስልክ አያይም። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ በረመዳን በማፍጠሪያ ሰዓት አትለጥፉ።

ሬዲት (በየርእሱ የተከፋፈሉ ማኅበረሰቦች ያሉበት የውይይት ድረ ገጽ) ላይ የውጭ ሀገር ቡና ቆዪዎችን ለማግኘት የምታስቡም መንገዱ ያው ነው። የየማኅበረሰቡን ሕግ አንብቡ፤ ባለቤትነታችሁን ተናገሩ፤ አንድን ሊንክ በየቦታው አትበትኑ። እዚያ አዲስ አካውንት ይዞ መጥቶ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰው ቶሎ ይታገዳል።

7. ሲተቹዋችሁ እዚያው መልሱ

«ኔትወርክ ሲጠፋስ? ደብተሬ ይሻለኛል» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። «ልክ ነዎት። ኔትወርክ ሲጠፋ በደብተር ይያዙ፤ ማታ ማስገባት ይቻላል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ገና አልጨረስነውም» በሉት። በውስጥ አታግባቡት፣ መልእክቱንም ለማስጠፋት አድሚን አትለምኑ። ሌሎቹ ዝም ብለው እያነበቡ ነው፤ እናንተን የሚመዝኑት በዚያ መልስ ነው። ስድብ ከመጣ ግን አንድ ጊዜ በጨዋነት መልሱና ተዉት።

8. ከየት እንደመጡ እወቁ

ላይክ አትቁጠሩ። የቴሌግራም ቦት ሊንክ መጨረሻው ላይ መለያ እንዲጨመርበት ይፈቅዳል። ለእያንዳንዱ ግሩፕ የተለየ መለያ ስጡ፤ ሰው ቦቱን ሲጀምር ከየትኛው ግሩፕ እንደመጣ ይታያችኋል። ከዚያ ለመጡት ሰዎች ደውሉ። ካቆሙ ለምን እንዳቆሙ ጠይቁ። የጠየቁትን ነገር ስታስተካክሉ ወደ ግሩፑ ተመለሱና «ባለፈው ያላችሁትን አስተካክለናል» ብላችሁ ያሳሰባችሁን ሰው በስሙ አመስግኑ። ፈቃደኛ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ የሂሳቡ ነገር በግሩፕ እንዲነሣ የማይፈልግ ነጋዴ ብዙ ነው።