ሶሻል ወርክን በዲግሪ እንዴት መማር ይቻላል? ከምርጫው እስከ ሥራ ፍለጋው

ሶሻል ወርክ ልማር ነው ስል አጎቴ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» አሉኝ። «ሰው መርዳት» አልኳቸው። «ሰው ለመርዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል እንዴ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ተምሬው፣ ፊልድ (የተግባር ልምምድ) ወጥቼ፣ ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ነው። ትምህርቱን ለመጀመር ላሰባችሁ፣ ያኔ ማንም ያልነገረኝን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አጎቴ ሙያውን ባያውቁት አይፈረድባቸውም። የሶሻል ወርክ ትምህርት አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መልሶ የከፈተው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም በማስተርስ ጀምሮ። በመሃል ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ሙሉ ትውልድ የሙያውን ስም ሳይሰማ አደገ። እናትና አባታችሁ ግራ ቢገባቸው አትከፉባቸው። ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

1. ለምን እንደምትፈልጉት ለዩ

ብዙዎቻችን «የሰው ችግር አያስችለኝም» ብለን ነው የምንገባው። ደግ ልብ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ሥራው ከኪስ አውጥቶ መስጠት አይደለም። ሰው የራሱን ችግር ራሱ እንዲፈታ፣ መብቱንም እንዲያገኝ አብሮ መሥራት ነው። ይህ ደግሞ ከመስጠት በጣም ይከብዳል።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ጥቂት ቅዳሜዎችን ስጡት። አዲስ አበባ ያላችሁ መቄዶንያ ሂዱና በበጎ ፈቃድ አገልግሉ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ የሕፃናት ወይም የአረጋውያን ማዕከል ጠይቁ። ስትመለሱ ራሳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። ረጅም ታሪክ ሳላቋርጥ መስማት እችላለሁ? ሰውዬው እኔ የማልስማማበትን ነገር ሲመርጥ ልታገሠው እችላለሁ? ወረቀት መሙላትና ሪፖርት መጻፍ ይሰለቸኛል? የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሥራው ትልቅ ክፍል ጽሑፍ ነው።

2. አገባቡን ቀድማችሁ እወቁ

መንገዱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል። 50 በመቶ ያላመጣ በሬሜዲያል በኩል ዕድል ሊያገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ለእሱም መዘጋጀት ያስፈልጋል። ትምህርቱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ጋ አለ። ሁሉም ግቢ ግን ዲፓርትመንቱ የለውም። ዩኒቨርሲቲ ስትሞሉ መጀመሪያ ይህንን አጣሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው። ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ ትወስዳላችሁ። ዲፓርትመንት የሚመደበው በውጤት ነውና «ገና ኮመን ኮርስ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። ሳይኮሎጂውንና አንትሮፖሎጂውን ደግሞ ለፈተና ብቻ ጨልጣችሁ አትለፉት። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሁለቱም ተመልሰው ይመጣሉ።

3. በእንግሊዝኛ ተማሩ፣ በእናታችሁ ቋንቋ አስቡ

ማንም ሳይነግራችሁ የሚያልፈው ይህ ይመስለኛል። ሃንዳውቱ በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ባለጉዳያችሁ ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው የሚያለቅሰው። «ኢምፓቲ» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሸምድዶ ኤ ያመጣ ተማሪ፣ አንዲት እናት ፊት ሲቀመጥ ቃል ይጠፋዋል።

እኔ የረዳኝ አንድ ደብተር ነው። በግራ በኩል የኮርሱን ቃል እጽፋለሁ። በቀኝ በኩል ያንኑ ነገር እናቴ ብትሆን እንዴት እንደምትለው እጽፋለሁ። «ሲምፓቲ» ከሚለው ጎን «ከንፈር መምጠጥ» አልኩ። «ኢምፓቲ» ጎን «ራስን በሰው ጫማ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት፤ እናቴ እንዲህ አትልማ። እሷ «እኔ ብሆንስ ብሎ ማሰብ» ነው የምትለው። እሱን ጻፍኩ። «ሴልፍ ዲተርሚኔሽን» ጎን «የቤቱን ጉዳይ ባለቤቱ ያውቃል» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ሲገባችሁ እንዲህ ወደ ቤታችሁ ቋንቋ ይመጣል። ካልመጣ ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

ሕጎችንም በዚሁ መንገድ አንብቡ። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚያትመው። ከሕገ መንግሥቱ የሕፃናት መብት ያለበትን አንቀጽ 36ን ጀምሩ። ቀጥሎ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ። ከዚያ በ2018 እ.ኤ.አ. የውጭ አገር ጉዲፈቻ የቀረበትን ማሻሻያ። ሞግዚት፣ አሳዳሪ፣ ጉዲፈቻ፣ ቀለብ የሚሉት ቃላት በየቀኑ የምትሠሩባቸው ናቸው።

4. የኮርሱን መሣሪያዎች በራሳችሁ ቤት ሞክሩ

ዋናዎቹ ኮርሶች ሦስት ደረጃ አላቸው፦ ከግለሰብና ከቤተሰብ ጋር መሥራት፣ ከቡድን ጋር መሥራት፣ ከማኅበረሰብ ጋር መሥራት። የሰው ባሕርይና አካባቢው፣ ማኅበራዊ ፖሊሲ፣ ጥናትና ምርምርም አሉ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ሲደርስ ታዩታላችሁ። ሁለት መሣሪያዎች ላይ ግን ልቆይ።

አንዱ ጄኖግራም ነው። የቤተሰብ ሐረግ በሥዕል ማለት ነው። ወንድ በካሬ፣ ሴት በክብ፣ የሞተ በኤክስ ምልክት። ሁለተኛው ኢኮማፕ ነው። ቤተሰቡን መሃል ላይ በክብ ታደርጋላችሁ። ዙሪያውን ቤተሰቡ የሚገናኛቸውን ሁሉ ታስቀምጣላችሁ። ግንኙነቱ ጠንካራ ከሆነ ወፍራም መስመር፣ ከላላ የተቆራረጠ መስመር፣ ጭቅጭቅ ካለበት የተጠማዘዘ መስመር።

የእናቴን ቤት ኢኮማፕ አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ሠራሁት። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ሰንበቴ፣ ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያ፣ የወንድሜ ትምህርት ቤት። በጣም ወፍራሙ መስመር የሄደው ግን ወደ ማን መሰላችሁ? ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ። ወር አጋማሽ ላይ ዘይቱንም ሽንኩርቱንም በዱቤ የሚሰጠን እሱ ነበር። መምህሩ የሰጠን ምሳሌ ላይ ባለሱቅ አልነበረም። ያን ቀን ገባኝ፤ ሰውን የያዘውን ነገር ለማወቅ ቅጹ ላይ ያለውን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ዕድርን ደግሞ በተለይ አጥኑት። ኤችአይቪ ብዙ ወላጆችን በነጠቀበት ዘመን ከቀብር አልፈው ወላጅ አልባ ልጆችን የደገፉ ዕድሮች ነበሩ። የማኅበረሰብ ሥራ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየትም አያገኝም።

5. ፊልድ ላይ ሙሉ ልባችሁን አድርጉ

ዲግሪው ያለው እዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ለዚህ መዘጋጃ ነው። ምደባው ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ ማረሚያ ቤት ወይም ኤንጂኦ ሊሆን ይችላል። ጓደኛችሁ ስለሄደ ብቻ አብራችሁ አትሂዱ። በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግራችሁ ሱፐርቫይዘር ያለበትን ቦታ ምረጡ። ሥራችሁ ፋይል መደርደር ብቻ ከሆነ ቶሎ ለአስተባባሪያችሁ ተናገሩ። ሴሚስተሩ ሳይታወቃችሁ ያልቃል።

ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ልምምድ ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ የሚባለው ነው። ባለጉዳይ አነጋግራችሁ እንደጨረሳችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ፣ ንግግሩን ቃል በቃል ትጽፋላችሁ። እሳቸው ምን አሉ፣ እኔ ምን አልኩ። ጎኑ ላይ ደግሞ እኔ ምን ተሰማኝ።

የመጀመሪያዬን አልረሳውም። አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመድቤ ነበር። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ በእጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። እኔ ቅጼን አውጥቼ ጀመርኩ። ስንት ቤተሰብ አለዎት? ገቢዎ ስንት ነው? የቤት ኪራይ ስንት ይከፍላሉ? አጫጭር መልስ ሰጡኝ። ቅጹ ሞላ። ደስ አለኝ።

ማታ ቃል በቃል ጻፍኩት። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሬ አነበበችውና አንድ መስመር ሥር በእስክሪብቶ አሰመረች። እናትየዋ «እኔ እኮ ልጄ፣ ለእህል አይደለም የመጣሁት» ብለው ነበር። ከሥሩ ያለው የእኔ ንግግር፦ «የቤት ኪራይ ስንት ይከፍላሉ?» ጎኑ ላይ የጻፍኩት ስሜት፦ «ቸኮልኩ።»

መልሰን ጠራናቸው። በፌስታሉ ያለውን ወረቀት ያን ጊዜ አየሁት። የልጅ ልጃቸው የክትባት ካርድ ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ለመመዝገብ የልደት ሰርተፍኬት ተጠይቃለች፤ እናቷ ስለሌለች አያቷ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለባቸው አላወቁም። የመጡት ለዚህ ነበር። ካርዱን ይዘውልኝ መጥተው ሳላየው ነው የሸኘኋቸው።

ስለዚህ ፊልድ ላይ ቅጹን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ዛሬ ምን አመጣዎት?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል። ቻሉት።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር። ብዙ ቢሮ ውስጥ ሦስት አራት ጠረጴዛ በአንድ ክፍል ነው ያለው። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቅበት ሰፈር ውስጥ ሰው የቤቱን ጉዳይ እዚያ አያወራም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ወይም በረንዳ ላይ ሁለት ወንበር ፈልጉ። የሰማችሁትን ደግሞ ዶርም ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ አታውሩ። «ስም አልጠራሁም» ማለት አያድንም። አገራችን ጠባብ ነች።

የሰማችሁት ነገር እንቅልፍ የሚነሳችሁ ቀን ይመጣል። ይህ ድክመት አይደለም። ለሱፐርቫይዘራችሁ ተናገሩ። ሱፐርቪዥን ካስፈለገበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው።

6. ሲኒየር ኤሴይና የመውጫ ፈተና

ለሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም ለመመረቂያ ጥናታችሁ፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ ሰው የምታነጋግሩበትን ርዕስ ምረጡ። «በኢትዮጵያ የጎዳና ልጆች ችግር» የሚል ርዕስ መጨረሻ የለውም። «በእኛ ወረዳ ያሉ ሦስት ዕድሮች ረዳት የሌላቸውን አረጋውያን እንዴት ይደግፋሉ» የሚለው ግን ይያዛል። ከማነጋገራችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ መቅዳት ከፈለጋችሁም እንደዚያው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው ሁሉንም ዓመት ስለሚነካ የሁለተኛ ዓመት ሃንዳውታችሁን አትጣሉ። በቡድን ሆናችሁ የኬዝ ጥያቄ እየተጠያየቃችሁ ተዘጋጁ። ብቻ ከመሸምደድ ያ ይሻላል።

7. ሥራ ፍለጋውን ከሦስተኛ ዓመት ጀምሩ

ከፊልድ ቦታችሁ ጋር አትለያዩ። ሥራ ሲወጣ ቀድሞ የሚነግራችሁ እዚያ ያለ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ሶሺዮሎጂስቶች፣ ሶሻል ወርከሮችና አንትሮፖሎጂስቶች ማኅበር በሚያዘጋጃቸው ጉባኤዎችም ላይ ተገኙ።

አሜሪካ ያላችሁ ወይም እዚያ ለመማር የምታስቡ፣ ትምህርት ቤቱ በአገሪቱ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ዕውቅና ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። ፈቃድ ለማውጣት ዋናው እሱ ነው። የባችለር ተማሪ ቢያንስ 400 ሰዓት፣ የማስተርስ ተማሪ ቢያንስ 900 ሰዓት ፊልድ ይሠራል። ዕውቅና ካለው ቦታ ባችለር ያለው ሰው ማስተርሱን ባጠረ ጊዜ የሚጨርስበት ዕድል አለ። ከአገር ቤት ይዛችሁ የሄዳችሁትን ዲግሪም ይኸው ምክር ቤት ይገመግማል። ትራንስክሪፕታችሁን ከነኮርስ ዝርዝሩ አሟልታችሁ ያዙ።

ቃለ መጠይቅ ላይ «እስኪ የሠራሽውን አንድ ኬዝ ንገሪን» ወይም «ንገረን» መባሉ አይቀርም። ፊልድ ላይ ቃል በቃል የጻፋችሁትን ቀድማችሁ አንብቡና ሂዱ። ባለጉዳዩ ምን ብሎ እንደመጣ፣ እናንተ ምን እንደሳታችሁ፣ መልሳችሁ እንዴት እንዳስተካከላችሁት ንገሯቸው። ስሙንና ሰፈሩን ግን ቢጠይቋችሁም አትናገሩ።