ኪራይ በሞባይል ስትልኩ የወሩን ስም ጻፉበት

የቤት ኪራይ በሞባይል ባንክ የምትከፍሉ የደብረ ብርሃን ተከራዮች፣ “ምክንያት” የሚለውን ቦታ ባዶ አትተዉት፤ “ኪራይ” ብቻ ብላችሁም አትለፉት። “የመስከረም 2018 ኪራይ፣ ጠባሴ ሰፈር፣ ክፍል ቁጥር 3” ብላችሁ ሙሉት።

ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ቀን በፈረንጆቹ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 የላካችሁት ብር 11/09/2025 ተብሎ ይመዘገባል። ከስድስት ወር በኋላ ስትተሳሰቡ 09ን አይቶ “ይሄ እኮ የግንቦት ነው” የሚል አይጠፋም። ወሩ በስሙ ከተጻፈ ግን ጭቅጭቅ የለም።

መብራትና ውኃ ካለባችሁ ለብቻው ላኩ። 4,000 ኪራይና 370 የመብራት አንድ ላይ 4,370 ሆኖ ከሄደ፣ ኋላ የቱ የምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። (ለጳጉሜን ቀናት ኪራይ ይከፈል አይከፈል የሚለውንም ከወዲሁ ውሉ ላይ ቁርጥ አድርጉት።)

አከራዮች ደግሞ ተከራዩ በሚያሳያችሁ ስክሪንሾት አትመኑ፤ በደቂቃ ይቀየራል። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ። ንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ (FT) የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር አስተያዩ፤ ሁለቱም ዘንድ አንድ መሆን አለበት።

ሒሳቡ የተከፈተው በአከራዩ ልጅ ወይም በዘመድ ስም ከሆነ ግን ወሩን መጻፍ ብቻውን አያድናችሁም። ባንኩ የሚያውቀው ለዚያ ሰው መላካችሁን እንጂ ለአከራዩ መክፈላችሁን አይደለም። የሒሳብ ቁጥሩና የባለሒሳቡ ስም ውሉ ላይ ሳይገባ አትላኩ።