የዘጠኝ ሰዓት ኳስ፦ ከትልቁ ሊግ ወደ ትንሹ ሜዳ ስንወርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

መጋቢት ላይ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ለንደን መጣ። አርሰናል ሲሸነፍ እራት የማይበላ ዓይነት ልጅ ነው። ሻንጣውን ሳይፈታ «ጋሼ፣ ኤሚሬትስ መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ። የአርሰናል ስታዲየም ትኬት ከየት ላምጣ? ቅዳሜ ሲደርስ አውቶብስ አሳፍሬ ወደ ሰፈሬ ክለብ ወሰድኩት። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዳችን 12 ፓውንድ ተቀበሉንና አስገቡን። ከጎሉ ጀርባ የሰው ጓሮ ነው፤ አንሶላ ተሰጥቷል። ልጁ ዙሪያውን አየት አየት አደረገና «ጋሼ፣ እንግሊዝ ይሄ ነው እንዴ?» አለ።

አልፈረድኩበትም። እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነበርኩ። ወደዚህ ሀገር ስንመጣ ፕሪሚየር ሊጉን በልባችን ይዘን ነው የምንመጣው። ከሱ በታች ያለውን ኳስ ስናይ የምንሳሳተው ብዙ ነው፤ እኔ ሁሉንም ተሳስቼ ጨርሻለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በእኛ እጽፋለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ለንደን ውስጥ ከቀኑ 3:00 የሚሉት ነው፤ ግራ እንዳትጋቡ።

ስሙን አምኖ መቅረት

እንግሊዞች ይህን ኳስ «ኖን ሊግ» ይሉታል። ሲሰሙት ሊግ የሌለው፣ የእሁድ ጠዋት የሰፈር ግጥሚያ ይመስላል። ነገሩ ወዲህ ነው። «ሊግ» የተባለው የድሮው ፉትቦል ሊግ ነው። ዛሬ ከፕሪሚየር ሊግ እስከ ሊግ ቱ ባሉት አራት እርከኖች 92 ክለቦች አሉ። ከነሱ በታች ያለው በሙሉ ኖን ሊግ ይባላል። አምስተኛው እርከን ናሽናል ሊግ ነው። ስድስተኛው ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ይከፈላል። ከዚያ እንደ ኢስሚያን ሊግ ያሉ የአካባቢ ሊጎች አሉ፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። መውጣትም መውረድም አለ። በ1857 የተመሠረተው፣ የዓለም አንጋፋ ክለብ የሚባለው ሼፊልድ ኤፍሲ የሚጫወተው እዚሁ ታች ነው።

መሰላሉ ግን ጫፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቆልፎ ነበር። የታችኛው ክለብ ሻምፒዮን ቢሆን እንኳ ወደ ላይ የሚገባው የላይኞቹ ድምፅ ከሰጡት ብቻ ነበር። ማን በወዳጁ ላይ ድምፅ ይሰጣል? በ1987 ስካርቦሮ በነጥቡ ብቻ ያለ ምርጫ ያደገ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ፤ በምትኩ ሊንከን ሲቲ ወረደ። ከ2003 ጀምሮ ሁለት ክለብ ያድጋል። ሁለተኛው የሚገኘው በጥሎ ማለፍ ነው፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በ2023 ኖትስ ካውንቲ 107 ነጥብ ሰብስቦ ሁለተኛ ወጣ። ያን ሁሉ ነጥብ ይዞ ለጥሎ ማለፉ ፍጻሜ ዌምብሌይ ስታዲየም ሄዶ በፍጹም ቅጣት ምት ነው የተረፈው።

ሳያጣሩ ከቤት መውጣት

ይህ ቀላል ነው፤ ግን ብር ያስወጣል። አንድ ጥር ሁለት ባቡር ቀያይሬ የሰፈሬን ክለብ የሰው ሜዳ ድረስ ተከተልኩት። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር አልጠረጠርኩም። ስደርስ በሩ ተዘግቶ ወረቀት ተለጥፎበታል። አንድ የክለቡ ሰው አካፋ ይዞ ቆሟል፤ ነገረኝ። ዳኛው ጠዋት መጥቶ መሀል ሜዳ ላይ ኳሷን ከእጁ ለቀቃት። አልነጠረችም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። በቃ፣ ጨዋታው ተሰረዘ። ትልልቆቹ ከሣሩ ሥር ማሞቂያ ቱቦ ቀብረዋል፤ እነዚህ ያላቸው አካፋና ጸሎት ነው። ከእንግሊዝ ክረምት እስከ ጸደይ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን ተመልከቱ።

ማንም አይሰማኝም ብሎ አፍን መልቀቅ

ኤሚሬትስ ውስጥ 60,000 ሰው መሀል ሆነህ ዳኛውን ብትራገም ድምፅህ ይዋጣል። እዚህ ያለው ሰው 300 ነው። የተናገርከውን በረኛውም፣ አራጋቢውም፣ ሻይ የምትቀዳዋ ሴትዮም ይሰማሉ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ በአማርኛ እራገም ነበር። አንድ ቀን የተጋጣሚው ክንፍ ተጫዋች በአጠገቤ ሲያልፍ ደህና አድርጌ ሰደብኩት። ልጁ ኳሷን ሊወረውር አንስቶ ዞረና በዚያ በለንደን ልጅ አማርኛ «ኧረ ጋሼ፣ ተረጋጋ» አለኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ስለ እናቱ ሀገር ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ተቃቅፈን ተለያየን።

በነገራችን ላይ አንድ ቦታ ተተክሎ መቆምም የመጤ ምልክት ነው። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ ደጋፊውም ከአንዱ ጎል ጀርባ ተነስቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሁለቱ ቲፎዞዎች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ ቢበዛ ይተራረባሉ። ቢራውን ይዞ የሚዞረውም ብዙ ነው። በ1985 የወጣው ሕግ ሜዳ እያዩ መጠጣትን የከለከለው ለላይኞቹ እርከኖች ነው፤ ከናሽናል ሊግ በታች ባሉ ክለቦች እርስ በርስ ጨዋታ ላይ አይሠራም።

ጥራቱን በቴሌቪዥን ዓይን መለካት

«ይሄማ ኳስ አይደለም፣ መጠለዝ ነው» የሚል የሀገሬ ሰው ብዙ ገጥሞኛል። እውነት አለው። ሜዳው ይነጥራል፣ ተከላካዩ ቀኑን ሙሉ ጡብ ሲደረድር ውሎ ማክሰኞ ማታ ልምምድ የሚመጣ ሰው ነው። ግን ጄሚ ቫርዲ ስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ ሲጫወት በሳምንት 30 ፓውንድ ነበር የሚከፈለው፤ ቀን ቀን ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ2012 ሌስተር ከፍሊትዉድ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው፤ በ2016 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። የአርሰናሉ ኢያን ራይትም ክሪስታል ፓላስ ከግሪንዊች ቦሮ ሲያመጣው 22 ዓመት ሊሞላው ወራት ነበር የቀሩት። አካዳሚ ያላያቸው ልጆች ናቸው።

ይህን አንብቦ ደግሞ እያንዳንዱን ዘጠኝ ቁጥር አጥቂ «ቀጣዩ ቫርዲ» ማለት ሌላ ስህተት ነው። አብዛኞቹ ቀጣዩ ማንም አይሆኑም። ሰኞ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ታች ያለውን ንጹህ፣ ላይ ያለውን ርኩስ ማድረግ

እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር እንጣላለን። በትልቁ ኳስ የተማረረ ሰው ወደ ታች ሲመጣ ገነት የገባ ይመስለዋል። የትኬት ዋጋ፣ የቪዲዮ ዳኝነቱ (ቪኤአር)፣ የነዳጅ ሀብት፣ ሁሉም ላይኛው ቤት የቀረ ይመስለዋል።

ያልኩት እንዳይዛባ። ታች ላይ የሚያኮራ ታሪክ ሞልቷል። በ2002 ዊምብልደን ወደ ሚልተን ኪንስ እንዲዛወር ሲፈቀድ ደጋፊዎቹ አልተከተሉም። የሕዝብ መናፈሻ ላይ ተጫዋች መልምለው ከዘጠነኛው እርከን ጀመሩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፉትቦል ሊግ ገቡ፤ በ2020 ወደ አሮጌው ሰፈራቸው፣ ወደ ፕላው ሌን ተመለሱ። በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ማንቸስተር ዩናይትድን ሲገዛ ያኮረፉት ደግሞ ኤፍሲ ዩናይትድን መሠረቱ። አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፤ ባለ ሀብት የለም።

ግን ገንዘብ ታችም ያሳብዳል። እንዲያውም ታች የባሰ ነው፤ ሲወድቅ የሚይዘው ስለሌለ። የማክልስፊልድ ታውንን ነገር ተመልከቱ። ደመወዝ ሳይከፈል ቀረ፣ ነጥብ ተቀነሰበት፣ ወደ ናሽናል ሊግ ወረደ፣ በመስከረም 2020 ፍርድ ቤት አፈረሰው። ብዙ ትንንሽ ክለቦች የቆሙት በአንድ ሰው ኪስ ነው። ሰውየው ሲሰለቸው ወይ ሲታመም ቡድኑ አብሮ ይተኛል። የዌልሱን ሬክሳም ደግሞ በ2021 ሁለት የፊልም ተዋናዮች ገዙት። በ2023 በ111 ነጥብ አደገ፤ በ2024ም በ2025ም አደገ፤ ሁለተኛው እርከን፣ ሻምፒዮንሺፕ ደረሰ። ለሬክሳም ሰው ደስ ብሎኛል። በዚያ ዓመት በትኬት ሽያጭ ብቻ ሊወዳደረው የሞከረ ክለብ ግን ምን ይበል?

አንዳንዴ ደግሞ ማደግ ራሱ ያስቀጣል። ሰተን ዩናይትድ ሰው ሠራሽ ሣር ነበረው። ሜዳው ዓመቱን ሙሉ ለሰፈሩ ልጆች ክፍት ነበር፤ ገቢም ያስገኝ ነበር። በ2021 ናሽናል ሊግን ሲያሸንፍ የላይኛው ሊግ ሰው ሠራሽ ሣር ስለማይቀበል ነቅሎ የተፈጥሮ ሣር መትከል ነበረበት። የሚያልፍበትን በር ለመክፈት የቤቱን ወለል አፈረሰ ማለት ነው።

ለኤፍኤ ካፕ ቀን ብቻ መምጣት

ኤፍኤ ካፕ ትልቁም ትንሹም የሚገናኝበት የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ነው። ውድድሩ ነሐሴ ላይ ከ700 በላይ ክለቦች ይዞ ይጀምራል። እኛ ጥር ላይ ትልልቆቹ ሲገቡ ነው የምንነቃው። ትንሹ ክለብ ትልቁን ሲያስጨንቅ እናያለን፣ እናጨበጭባለን፣ እንረሳለን። ክለቡ ግን ከዚያ ቀን የሚፈልገው ከጭብጨባ ሌላ ነገር ነበር።

በ2005 ኤክሰተር ሲቲ ኖን ሊግ ነበር፤ ዕዳ አንቆታል፤ ባለቤቱ ደጋፊው ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ፣ ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ 0 ለ 0 ወጣ። ያኔ አቻ ማለት ድጋሚ ጨዋታ ማለት ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድ ትንሿ ሜዳ ድረስ መጣ፤ ሮናልዶ አንድ፣ ሩኒ አንድ አገቡ፣ 2 ለ 0 አለቀ። ኤክሰተር ተሸነፈ፤ ከሁለቱ ጨዋታ ያገኘው ገንዘብ ግን ዕዳውን አቃለለለት።

ከ2024/25 ወዲህ ከዋናው አንደኛ ዙር ጀምሮ ድጋሚ ጨዋታ ቀረ። ምክንያቱ ለትልልቆቹ የጨዋታ መርሐ ግብር ጠበበ የሚል ነው። በጥር 2025 አምስተኛ እርከን ያለው ታምወርዝ ቶተንሃምን 90 ደቂቃ 0 ለ 0 ይዞ ዋለ። በድሮው ሕግ ቢሆን ቶተንሃም ስታዲየም ሄዶ የመግቢያውን ገቢ ይካፈል ነበር። አሁን እዚያው ተጨማሪ ሰዓት ተጫወቱ፤ 3 ለ 0 አለቀ። በቃ። እኔ የቶተንሃምን ሽንፈት ለማየት ብዬ ነበር የተቀመጥኩት፤ አርሰናል ነኝ፣ አልደብቅም። ተጨማሪ ሰዓቱ ሲጀመር ግን የተናደድኩት በሌላ ነገር ነው።

«ለምን በቲቪ አይታይም?» ብሎ መማረር

የእህቴን ልጅ በጣም የገረመው ይሄ ነው። አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያየውን የቅዳሜ የዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ ለንደን ውስጥ ሊያየው አልቻለም። «እናንተ ሀገሩ ውስጥ ሆናችሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቅዳሜ ከ8:45 እስከ 11:15 የቀጥታ ኳስ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አይተላለፍም። ነገሩ በ1960ዎቹ የበርንሊ ሊቀመንበር የነበሩት ቦብ ሎርድ ያመጡት ሐሳብ ነው። ሰው ትልቁን በቤቱ ካየ ትንሹን ለማየት በብርድ አይወጣም አሉ። እኔም ለዓመታት ረግሜዋለሁ። አሁን ግን ይህ እገዳ ባይኖር ሽማግሌው በር ላይ ማንን ይጠብቁ ነበር እላለሁ።

የኛ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ (ይሄኛው በእኛ ነው) የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በቴሌቪዥን ይታያል። ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው እየተጫወቱ የገዛ ከተማቸው ሰው ግን በሜዳው ሳያያቸው የቆየበት ጊዜ ረጅም ነው። ምስሉ ቤታችን ገባ፤ ቡድኑ ከሰፈር ወጣ።

የዕጣ ትኬት አለመግዛት

ቀልድ አይደለም። በዕረፍት ሰዓት አንዲት ሴትዮ ባልዲ ይዘው ይዞራሉ። አንድ ፓውንድ ለአንድ ቁጥር። ያ ባልዲ የታዳጊዎቹን ማሊያ ይገዛል። አዲስ ሰው «አልፈልግም» ብሎ እጁን ኪሱ ሲከት ሁሉም ያየዋል።

ሁዳዴ ነበር፤ ልጁ የበላው ድንች ጥብስ ብቻ ነው። ሦስት ቁጥር ገዛሁለት። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር በድምፅ ማጉያው ቁጥር ተጠራ፤ የሱ ነበር። ሽልማቱን በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ። ትልቅ ሳህን ሙሉ ሥጋ፣ ግማሹ ቋሊማ፣ ግማሹ የአሳማ። እኔን አየኝ፣ ሳህኑን አየ። «ጋሼ፣ ምን ላድርገው?»

ወደ በሩ ሄደን ለሽማግሌው ሰጠናቸው። እሳቸውም የትኬቱን 12 ፓውንድ መልሰው ሊሰጡን ሲሉ ልጁ በሁለት እጁ ከለከላቸው።