አለርጂ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፦ የሚደጋገሙ ስህተቶችና መፍትሄያቸው

"የአለርጂ ሥልጠና ያስፈልገናል" ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሆቴል አዳራሽ፣ ፓወርፖይንትና አበል ነው። የሚሄደው አስተባባሪው ነው። ሌሊት መርፌ የሚወጋው ነርስ ተረኛ ስለሆነ ይቀራል። እኔ ግን የምጀምረው ከሥራው ነው። የትኛው ስህተት እንደሚደጋገም ከታወቀ፣ ምን ዓይነት ሥልጠና እንደጎደለም ይታወቃል።

ምልክት፦ የታፈነ ሰው መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲዞን (የስቴሮይድ መርፌ) ይሰጠዋል

ታካሚው ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ ተወግቶ ገና ከአልጋው አልወረደም። ሰውነቱ ሽፍ ይላል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። ሁሉም ሃይድሮኮርቲዞን ፍለጋ ይሯሯጣል። ለከባድ አለርጂ መጀመሪያ መሰጠት ያለበት አድሬናሊን "ካልተሻለው እናያለን" ተብሎ ይቆያል።

መንስኤ፦ ፍርሃት። አድሬናሊን ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ልቡ የቆመ ሰው ነው፤ "ልቡን ብመታውስ?" እንላለን። ሃይድሮኮርቲዞን ግን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። የአለርጂ ክኒንም ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ ግፊት አያነሳም።

መፍትሄ፦ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ከያዘው የአድሬናሊን አምፑል ለአዋቂ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ የጭን መሃል በውጪው በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋ። ለልጅ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። በደም ስር መስጠት ለለመደው ይተው። ታካሚው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ። "እስኪ ተነስና ንፋስ ውሰድ" ግን አይባልም። ድንገት ሲቆም ልቡ ቀጥ ያለበት ሰው አለ።

ይህን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ውሃ፣ ሲሪንጅና ብርቱካን ይዘን ሰዓት እየቆጠርን ተለማመድን። መቅዳቱም መውጋቱም ችግር አልነበረውም።

"አድሬናሊኑ የታል?"
"ቁምሳጥን ውስጥ።"
"ቁልፉስ?"
"ሲስተር ጋ።"
"ሲስተርስ?"
"አዳር ወጥታ ቤቷ ሄዳለች።"

በማግስቱ ሁለት አምፑል፣ ሲሪንጅና መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት መርፌ ክፍሉ ውስጥ ያለ ቁልፍ ተቀመጡ። ብርሃን ስለሚያበላሸው አምፑሉ ከካርቶኑ አልወጣም። ለዚህ ሆቴል አያስፈልግም፤ በወር አንዴ 20 ደቂቃ፣ የአዳር ተረኞች ባሉበት ይበቃል።

ምልክት፦ ካርዱ ላይ በቀይ "ፔኒሲሊን አለርጂ" ተጽፏል

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ "አይስማማኝም" ነው መልሱ። ሆዱን አሞት ይሆናል፣ ወይም መርፌው አሞት ራሱን ስቶ ይሆናል። አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማንም አይሰርዘውም። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሰው አንዱ ያህል ይህ ምልክት ካርዱ ላይ አለ፤ ሲመረመሩ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱን ይችሉታል። እኛ ጋ ዋጋው ከበድ ይላል፤ የሩማቲክ ልብ ሕመም ያለበት ልጅ በየወሩ የሚወስደው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሊቀርበት ነው።

የጎደለው የመጠየቅ ልምምድ ነው። በትክክል ምን ሆንክ? መድኃኒቱን ከወሰድክ ከስንት ጊዜ በኋላ? ከዚያ ወዲህ አሞክሲሲሊን ውጠህ ታውቃለህ? የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። "አዎ፣ አምና ለቶንሲል" የሚል ብዙ ነው፤ አሞክሲሲሊን ደግሞ ራሱ የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ ያበጠ ወይም የታፈነ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ላይ "እንሞክረው" የለም፤ ይላክ።

ምልክት፦ ያው ልጅ ለአራተኛ ጊዜ አሞክሲሲሊን ይዞ ይሄዳል

እናቱ "ብርድ ነው" ትላለች፣ እኛም እንጽፋለን። ሌሊት ያስለዋል ወይ፣ ሲሮጥ ያፍነዋል ወይ፣ ቤት ውስጥ አስም ያለበት አለ ወይ ተብሎ አልተጠየቀም። አስም ከሆነ አንቲባዮቲክ ምን ያደርግለታል? የሚነፋ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። ስፔሰር (ፓምፑና አፍ መሃል የሚገባው ባዶ ዕቃ) ከሌለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓምፑ አፍ ልክ ቀዶ መግጠም ይሠራል።

ምልክት፦ "የምግብ አለርጂ ነው" ተብሎ እንቁላል የተከለከለ ልጅ

ያሳክከዋል፣ በተለይ ሌሊት። እህቱንም ያሳክካታል፣ እናቱንም። ጣቶቹ መሃል ይታይ። ብዙ ጊዜ እከክ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ የእከክ መድኃኒት በአንድ ቀን ይቀባ፣ ልብስና አንሶላው በፈላ ውሃ ይታጠብ። ልጁም እንቁላሉን ይብላ።